ከበረቱ ስር ያለው ትንፋሽ

የዚያን ዓመት ምርት በሙሉ አበሰበስነው። ስምንት ማዳበሪያ ነበር። ፖሊስ አልወሰደውም፤ ሄሊኮፕተር መጥቶ መርዝ አልረጨበትም፤ ሌባም አልነካውም። በገዛ በረታችን ውስጥ፣ በገዛ እጃችን ቀብረን አበሰበስነው። እህቴ ቩዮካዚ ነርስ ሳትሆን የቀረችው በዚህ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው እንዴት እንደሆነ ነው። መጨረሻው አይለወጥም።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከሉሲኪሲኪ ከተማ ቁልቁል፣ የመኪናው መንገድ አልቆ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ሸለቆ ውስጥ ነው። ፖሊሶች ጋንጃ ይሉታል፤ እኛ ቅጠሉ ነው የምንለው። ቅጠል ያልነበረው ቤት አላውቅም። ወንጀል መሆኑን የሰማሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፤ ዱባ ወንጀል ነው ያሉኝ ያህል ስቄ አለፍኩት።

የሚያበቅለው አባቴ ነበር። የምታደርቀውና የምታስቀምጠው ግን እናቴ ናት። ሰው ሁሉ በተወለደችበት ጎሳ ስም ማዲያ ይላታል። አባቴ ቆርጦ ሲያመጣው ቅርንጫፉን ቁልቁል ዘቅዝቃ ትንሿ ጎጆ ጣሪያ ላይ ትሰቅለዋለች። ፀሐይ እንዳያየው መስኮቱን በጆንያ ትጋርዳለች። በየማለዳው አንድ ቀጭን ዘንግ ትቀነጥስና ጆሮዋ ስር አስጠግታ ታጥፈዋለች። እንደ ላስቲክ ከታጠፈ ገና ነው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል።

«አልተናገረም» ትለኛለች። «ነገ ይናገር ይሆናል።»

ሲናገር ለቅማ በትልልቅ የብስኩት ቆርቆሮዎች ውስጥ ታስገባዋለች፤ አትጠቀጥቀውም። የመጀመሪያውን አንድ ወር በየቀኑ ጠዋት ክዳኑን ከፍታ ግቢ ጠርጋ እስክትመለስ ትተወዋለች።

«ለምን ትከፍችዋለሽ እማ?»

«ይተንፍስ እንጂ። አንቺን ቆርቆሮ ውስጥ ብከትሽ አትተነፍሽም?»

ወሩ ሲሞላ ክዳኑን ዙሪያውን በሻማ ሰም ታሽገውና አልጋ ስር፣ ቀዝቃዛው መሬት ላይ ትደረድረዋለች። ሁለት ዓመት የተቀመጠ ስትከፍት አይቻለሁ፤ ሽታው የዚያኑ ቀን የተላጠ ማንጎ ነበር። በምርት ወቅት ሸለቆው በሙሉ ስለሚሸጥ ገዢዎቹ ያንቋሽሹታል፤ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ሸጦ ጫማ የማይገዛበት ጊዜ አለ። ገና ሲቃረብ ግን ያልሻገተ ቅጠል ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል። እናቴ ከእነዚያ አንዷ ነበረች።

ያን ዓመት ቩዮካዚ የመጨረሻ ክፍል ነበረች። ከተማ ተከራይታ እየተማረች ከነርሶች ኮሌጅ ደብዳቤ መጣላት፤ ፈተናውን ካለፈችና እስከ ጥር ድረስ መመዝገቢያውን ከከፈለች ትገባለች። ደብዳቤውን እናቴ ግድግዳው ላይ፣ ከአያቴ ፎቶ አጠገብ በምስማር መታችው። ከዚያም ጣሪያው ላይ ወደተንጠለጠለው ቅጠል ቀና ብላ «ይኼ የቩዮ ነው» አለች። «እስከ ገና አንዲት ፍሬ አትወጣም።»

በአራተኛው ቀን አባቴ መንገድ ላይ ተያዘ። ሌላ ጆንያ ይዞ ነበር፤ ያለፈውን ዓመት ትራፊ። ኋላ አምስት ዓመት ተፈረደበት። በያዙት ማግስት አባባ ሞንዴ መጣ።

አባባ ሞንዴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ስጽፍ እሱ ይበቃዋል። እናቴ ስሙን በአፏ አትጠራም፤ ምራት የባሏን ታላቅ ወንድም ስም አትጠራም። «አባ» ነው የምትለው፤ እሱን ስታናግር መሬት መሬት ታያለች። እሱ ቆሞ፣ እሷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ በር ላይ ሆኜ የተባባሉትን አስታውሳለሁ።

«ማዲያ፣ ነገ ቢመጡ የት ልትደብቂው ነው? ቀሚስሽ ስር?»

«አባ፣ ገና ስድስት ቀኑ ነው። ይታጠፋል።»

«ምኑ ነው የሚታጠፈው?»

«ዘንጉ። አልተናገረም።»

አባባ ሞንዴ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። «ሰማሽ ቶቤካ? ባሏ ከታሰረ ሁለት ቀን ሳይሞላት ከቅጠል ጋር ማውራት ጀመረች!»

እኔም ሳቅኩ። እናቴ አልሳቀችም።

«በረቱ ውስጥ የአባቴ ጉድጓድ አለ» አለ። «በቆሎ ሦስት ዓመት አቆይቷል። በድርቁ ጊዜ ይሄ ሸለቆ የበላው ከዚያ ጉድጓድ ነው። ፖሊስ ደግሞ በጥቁር ጫማው እበት ውስጥ አይገባም።»

«በቆሎ ደርቆ ነው የሚገባው፣ አባ። ይሄ እርጥብ ነው። አራት ቀን ብቻ ቢሰጡኝ።»

«በረቱ የማን ነው?»

የምንጣፉን ጫፍ ታስተካክል ጀመር።

«የማን ነው አልኩሽ?»

«የእናንተ ነው።»

«እንግዲያው ጨርሰናል።»

ያገባች ሴት የባሏ ቤት በረት ውስጥ አትገባም። በፊት ለፊቱም አታልፍም፤ በጎጆዎቹ ጀርባ ዞራ ትሄዳለች። የቤቱ ሴት ልጅ መግባት ትችላለች፤ አድጋ ወር አበባዋን ማየት ከጀመረች ግን እሷም ትከለከላለች፤ ከገባች ከብቱ ያስወርዳል ይባላል። ስለዚህ ከቤታችን ሴቶች ወደ በረቱ መግባት የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይሄ በጣም ያኮራኝ ነበር።

በማግስቱ አውርደን ከተትነው። ጉድጓዱ በረቱ መሀል ነው፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ እንደ እንስራ። አባባ ሞንዴ ውስጥ ገብቶ እኔ ከላይ አቀብለዋለሁ። ማዳበሪያዎቹን እየደራረበ በእግሩ ረገጣቸው። እናቴ ከአጥሩ ውጭ ቆማ «ቀስ… ቀስ» ስትል ሰምቻታለሁ፤ ለማን እንደምትል ግን አልገባኝም። ከዚያ ጠፍጣፋውን ድንጋይ ገጥሞ ጠርዙን በእበት ለሰነው።

«አያትሽ ያውና እዚያ ነው» አለኝ፤ በጣቱ የበረቱን አጥር ጥግ እያሳየኝ። አያቴ የተቀበረው እዚያ ነው። «ከስር ሆኖ ይጠብቅልናል። እዚህ አካባቢ እንዳትጮሂ። ካስነሳሽው ጣጣሽ ከእኔ ጋር እንዳይመስልሽ።»

ፖሊሶቹ በሦስተኛው ቀን መጡ። ባዶዎቹን የብስኩት ቆርቆሮዎች አንድ በአንድ እየከፈቱ አሸተቱ፤ ፍራሻችንን ቀደዱ፤ የእናቴን የዱቄት ጆንያ ደፉ። በረቱ አጥር ጋ ደርሰው አንዱ ጫማውን አየና ተመለሰ። በዚህ በኩል አባባ ሞንዴ ልክ ነበር። ልክ ባይሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

ክረምቱ ገባ። በእኛ አገር ክረምት ማለት ደረቅ ብርድ ነው፤ ማለዳ ሣሩ ላይ አመዳይ ይጥላል። አንድ ጠዋት እናቴ እጄን ይዛ እስከ አጥሩ ወሰደችኝና ቆመች።

«ግቢና እጅሽን ድንጋዩ ላይ አድርጊ። ሞቃት እንደሆነ ወይም ቀዝቃዛ እንደሆነ ትነግሪኛለሽ። ሌላ ምንም እንዳትነኪ።»

«ለምን?»

«ሂጂ ብዬሻለሁ ቶቤ።»

ከብቶቹ ወጥተው ነበር። በረቱ በሙሉ ነጭ አመዳይ ለብሷል፤ ድንጋዩ ዙሪያ ግን መሬቱ ጥቁርና እርጥብ ነው። እጄን አስቀመጥኩ። ሞቀኝ። ጎንበስ ብዬ ጉንጬን አስጠጋሁ፤ የእበቱ ልስን በተሰነጠቀበት ቀጭን እንፋሎት ይወጣል፤ ጆሮዬን ያሞቃል። ሽታው የሚጎመዝዝና የሚጣፍጥ፣ ጠላ ጠጥቶ የተኛ ሽማግሌ አፍ ዓይነት ነው።

አያቴ ይተነፍስ ነበር።

አልፈራሁም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የሚያውቅ አይመስለኝም። ፎቶው ላይ ብቻ የማውቀው ሰው ከስር ተኝቶ፣ የእህቴን ቅጠል አቅፎ፣ ለእኔ ብቻ ይተነፍሳል። አባባ ሞንዴ ያለው እውነት ነበር። ታዲያ ሞቃት ነው ብዬ ብናገርስ? እናቴ ታስከፍተዋለች። ሲከፈት ይነቃል። ከነቃ ማን ይጠብቃል?

አጥሩ ጋ ተመለስኩ። እናቴ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«እ? ምን ሆነ?»

«ቀዝቃዛ ነው፣ እማ።»

ትከሻዋ ወረደ። ራሴን ሁለቴ ዳበሰችኝ። በየሳምንቱ ትልከኝ ነበር፤ በየሳምንቱ ሞቃት ነበር፤ በየሳምንቱ ቀዝቃዛ ነው አልኳት።

አሁን የምሠራው ፈቃድ ያለው ድርጅት መጋዘን ውስጥ ነው። ሕጉ ተለውጧል፤ ተክሉን በዩኒቨርሲቲ አጥንቼዋለሁ። እናቴ በጆሮዋ ትለካው የነበረውን እኔ በመሣሪያ እለካለሁ፦ የአየሩ እርጥበት ከመቶ ስልሳ ሁለት፣ ክፍሉ ጨለማና ቀዝቃዛ፣ ዕቃው ብርጭቆ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በየቀኑ ክዳኑ ይከፈታል። እርጥብ ቅጠል ተረግጦ ሲታፈን ይግላል፤ የጋለው ይሻግታል። በመጀመሪያው ጠዋት ሞቃት ነው ብል ኖሮ ግማሹ ይተርፍ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሩቡ። ይህን ሒሳብ ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ እንደማይጠቅም እያወቅኩ።

ቩዮካዚ ለክረምቱ እረፍት መጣች። ሻንጣ ይዛ ነበር፤ ቡናማ፣ ካርቶን መሰል፣ ሁለት የቢጫ ብረት መቆለፊያ ያለው። ከክፍል ጓደኛዋ ለኮሌጅ ብላ የገዛችው ነው። አስከፈተችኝ፣ አስዘጋችኝ፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ ደጅ ወጥታ አየሩን በአፍንጫዋ ሳበች።

«እማ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ከብት ነው።»

«ከብት እንዲህ አይሸትም።»

«ነርስ ሳትሆኚ አፍንጫሽ ቀድሞሽ ተሾመ?»

ሲሲ ሳቀች። ታላቅ እህቴን ሲሲ ነው የምላት። እየሳቀች ወደ በረቱ አመራች፤ በሩ ላይ የተጋደመውን እንጨት አንስታለች።

«ቩዮ!»

እናቴ ስትጮህ መስማት አልለመድንም። ሲሲ እንጨቱን እንደያዘች ቆመች።

«አንዴ አይቼ ልምጣ ብዬ ነው።»

«ወር አበባ የምታዪ ልጅ ነሽ።»

«እማ፣ ማን ያየኛል? አባባ ሞንዴ እንደሆነ የለም።»

«አውቀሽ ከብት ልታስወርጂ? አባትሽ እስር ቤት ሆኖ? እንጨቱን መልሺ።»

ሲሲ እንጨቱን መለሰች። «ቶቤካ ትሂድ እንግዲያ» አለች፤ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ምን አየሽ?» አለችኝ።

«ቀዝቃዛ ነው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ እናቴ ውኃ የምትቀዳበትን መንገድ ለወጠች። በጎጆዎቹ ጀርባ መዞሩንም ትታ ቁልቁል በቁጥቋጦው በኩል ትሄድ ጀመር፤ ሁለት እጥፍ መንገድ ነው። አባቴ ናፍቋት ብቻዋን ማልቀስ የምትፈልግ መሰለኝ። አንድ ጊዜ ተከትያት የሄድኩትም ላባብላት ነው። አላለቀሰችም። ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ አስራ ነበር።

ገዢው ሼዚ ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከደርባን መጣ። ፒክአፑን መንገዱ የሚያልቅበት ትቶ በእግሩ ነው የወረደው፤ ወፍራም ሰው ስለነበር ላቡ ሸሚዙን አጣብቆታል።

«ማዲያ፣ ዘንድሮ ሸለቆው በሙሉ ሻጋታ ነው የሸጠልኝ» አለ። «ያንቺን ቆርቆሮዎች እያለምኩ ነው የመጣሁት። ነርሷስ? ልቤን ያመኛል፣ ትመርምረኝ እንጂ!»

ሲሲ ፈተናዋን ጨርሳ ቤት ነበረች። «ልብ መኖሩን ነው መጀመሪያ የምመረምረው» አለችው። ሁሉም ሳቀ። ያን ቀን የተሳቀው ያ ብቻ ነው።

አባባ ሞንዴ ድንጋዩን በብረት ፈነቀለው። እኔ ከጎኑ ቆሜ ትንፋሼን ውጫለሁ፤ አያቴ እንዳይቆጣ በልቤ ይቅርታ እጠይቀው ነበር። ድንጋዩ ሲነሳ የወጣው ሽታ ሼዚን ወደ ኋላ አስኬደው። አባባ ሞንዴ መንጠቆ አስገብቶ የመጀመሪያውን ማዳበሪያ ሲስብ ማዳበሪያው ተቀደደ። ውስጡ ጥቁር ነበር። እንደ በሰበሰ ጎመን ያሟልጫል፤ በላዩ ላይ ነጭና ሰማያዊ ፀጉር አብቅሏል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ስምንቱንም አወጣ። የመጨረሻው ጋ ሲደርስ አይመለከተውም ነበር፤ ዝም ብሎ ይስባል።

ሼዚ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። «ይሄንን አሳማ አይበላውም» አለ።

አባባ ሞንዴ ወደ አጥሩ ዞረ። እናቴ ውጭ ቆማለች።

«ሴት ገብታበታለች!» ብሎ ጮኸ። «የአባቴ ጉድጓድ ሦስት ዓመት አቆይቷል! ይሄ እንዲሁ አይሆንም። ማዲያ፣ ገብተሻል!»

«አልገባሁም» አለች እናቴ።

«ማይልኝ!»

«በልጆቼ እምላለሁ። አንድ ቀን አልገባሁም።»

ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። ፊቷ ላይ የነበረውን ያኔ ኩራት ነው ብዬ ወሰድኩት። አባባ ሞንዴ ብረቱን ጥሎ ወጣ። እኔም እናታችን ያሸነፈች መስሎኝ እጇን ያዝኩ። ሲሲ ግን እናቴን እያየች ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት እናቴን ጠየቅኳት። አባባ ሞንዴ ሞቷል። አባቴ ከእስር ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ከብትም የለንም፤ በረቱ የድንጋይ ክብ ብቻ ነው። እናቴ አሁንም በጎጆዎቹ ጀርባ ነው የምትዞረው።

«እማ፣ ሽታው እስከ አጥሩ ይመጣ ነበር አይደል?»

ባቄላ እየፈለፈለች ነበር። አላቆመችም።

«ከሰኔ ጀምሮ ይሸትሽ ነበር። መንገድ የቀየርሽው ለዚያ ነው። ሻርፕሽን አይቼዋለሁ።»

«አንቺ ቀዝቃዛ ነው አልሽኝ» አለች።

«የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ!»

«ቀዝቃዛ ነው አልሽኝ፣ ቶቤ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይልቅ እስከዚያ አለመረዳቴ ይገርመኛል። ስታደርቅ በጆሮዋ፣ ስታስቀምጥ በአፍንጫዋ የምታውቅ ሴት ለእኔ እጅ ምን ጉዳይ ነበራት? የምትልከኝ፣ እያወቀች በረቱ ውስጥ ላለመግባት ምክንያት የሚሆናትን ቃል ይዤላት እንድመጣ ነው። እኔም በየሳምንቱ አመጣሁላት። ቀሪውን ባቄላ ተካፍለን ፈለፈልን። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም።

ቩዮካዚ ከሄደች ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሳ መጣች። ሁለት ሰው ደግፏት ነው ሸለቆውን የወረደችው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሊያዝላት ይችል ነበር። በዚያ ዘመን እንደዚያ ሆነው የሚመለሱት ብዙ ነበሩ፤ የበሽታውን ስም የሚጠራ ግን አልነበረም። እስከ መጨረሻዋ ያስታመመቻት እናቴ ናት። ነርስ አልነበረም። እኔን ደግሞ ያስተማረኝ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት እናቴ በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀመጠችው ቅጠል ነው፤ አንዱም ሻግቶ አያውቅም።

የሄደችበት ቀን ግን እንዲህ ነበር።

ጉድጓዱ በተከፈተ በማግስቱ፣ ጠዋት ነው። ሼዚ ጎረቤት አድሮ ነበር፤ ባዶውን መመለሱ ነው። ደጅ ቆሞ ሲሲን እየጠበቀ ጉሮሮውን ጠረገ። ሲሲ ቡናማውን ሻንጣ አልጋ ላይ አድርጋ ልብሷን እያጣጠፈች ትከታለች። ማታ የታጠበው ነጭ ሸሚዟ አልደረቀም፤ እርጥቡን ከተተችው። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ እግሯን ዘርግታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ።

«ገና ልጅ ነሽ» አለች እናቴ።

«አውቃለሁ።»

«ሚስት አለችው።»

«እሱንም አውቃለሁ። እዚህ ቁጭ ብዬ አባባ ሞንዴ ለማን እንደሚሰጠኝ ልጠብቅ?»

«ለከርሞ እናስቀምጣለን። ራሴ በቆርቆሮ…»

«እስከ ከርሞ ኮሌጁ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጠዋል፣ እማ።» መቆለፊያዎቹን ዘጋች፤ ቀጭ፣ ቀጭ።

እኔ ከሁሉም በላይ የማየው ሻንጣውን ነበር። የኮሌጁ ሻንጣ ነው። ሼዚ መኪና አለው። ስለዚህ ቅጠሉ ቢበሰብስም ኮሌጅ ሊያደርሳት ነው ማለት ነው። እንዴት ደግ ሰው ነው! አያቴ ነው ያደረገው አልኩ፤ በልቤ አመሰገንኩት።

«ሲሲ፣ መርፌ ስትወጊ አታሳምሚም አይደል?»

አየችኝ። አጎንብሳ አንገትጌዬን አስተካከለችልኝ፤ እጇ ሞቃት ነበር።

«አላሳምምም» አለች።

ደብዳቤው ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው። «ሲሲ፣ ደብዳቤሽን ረሳሽ!» ብዬ ዘልዬ ልነቅልላት ሞከርኩ፤ ምስማሩ አልደርስበት አለኝ። እናቴን እንድታወርድልኝ ጠየቅኳት። እናቴ አልተነሳችም። መልሼ ስዞር እህቴ ሻንጣውን አንስታ ደጃፉን አልፋ ነበር። ወደ ኋላዋ እንኳን ሳታይ እጇን ዘረጋችና በሩን ሳበችው። በሩ ገጠመ።